ስለ ወይዘሪት ራኬብ አምባው ዕረፍት እና ስለ ስምንተኛው ዘፈን

በጅቡቲ ከተማ የኢትዮጵያውያን ሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር፣ "ሐዲድ" የተባለው የማኅበሩ የጃዝ ቡድን ድምፃዊት ወይዘሪት ራኬብ አምባው በተወለዱ በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ሐሙስ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በከተማችን በሚገኝ ሆስፒታል ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለወዳጆቹና ለመላው ነዋሪ የሚያስታውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ ዓርብ ተፈጽሟል። ይህ መግለጫ አሥራ አንድ ቀን ዘግይቷል። የዘገየበትን ምክንያት ከዚህ በታች እንገልጻለን፤ የሚያስከብረን ምክንያት አይደለም።

ወይዘሪት ራኬብ ከአባታቸው ከአቶ አምባውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋናዬ በድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ተወለዱ። አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተዋል። በ2011 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ መጥተው፣ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በአንድ ቤት ተቀጥረው እዚያው እያደሩ ሠርተዋል። ከሳምንቱ ውስጥ የራሳቸው የነበረው ቀን ዓርብ ብቻ ነው። አንባቢ ይህን ቀን እንዲይዝልን እንጠይቃለን።

መስከረም 2016 ዓ.ም.፦ ማኅበሩ በቡላኦስ ሰፈር የዘመን መለወጫን በዓል በዓርብ ቀን ሲያከብር ወይዘሪት ራኬብ በፈቃዳቸው ሊያግዙ መጥተው ዕቃ ያጥቡ ነበር። የቡድኑ መሪና ጊታር ተጫዋች አቶ ተክለወልድ በዚያን ጊዜ ለብራዚል ስልት አልበም የሚሆን ድምፅ ሲፈልጉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። የመጡት ድምፃውያን ሁሉ አዳራሽ የሚሞሉ ነበሩ፤ ቦሳ ኖቫ የተባለው ይህ የብራዚል ስልት ግን ጆሮ ሥር የሚዜም እንጂ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ አይወድም። አቶ ተክለወልድ ውኃ ሊጠጡ ወደ ማዕድ ቤት ሲገቡ ያ ሲፈልጉት የነበረው ድምፅ ሳህን ያጥባል። ከሁለት ክንድ በላይ አይሄድም ነበር። ወይዘሪት ራኬብ በሚሠሩበት ቤት ሕፃን ስለሚተኛ፣ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያዜሙ ኖረዋል። እኛ ይህን ጸጋ አልነው። ጸጋም ነበር።

ከ2016 እስከ 2017 ዓ.ም.፦ በልምምድ ከሁላችን ቀድመው ይገኙ ነበር። ከአልበሙ ስምንት ዘፈኖች የሦስቱን ግጥም ጽፈዋል። ሳምባ የተባለው የብራዚል ምት ሲያምታታን በጠረጴዛ ላይ በሁለት ጣታቸው እየመቱ ያስተካክሉን ነበር፤ ከበሮ መቺያችን ዛሬም ድረስ የሚመታው እሳቸው ባሳዩት መንገድ ነው። ለአልበሙ "ዓርብ ከሰዓት" የሚለውን ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰዓት አልነበራቸውም።

ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ በካርቲየ 4 ሰፈር የድምፅ ባለሙያው አቶ ነቢል ፍራሽ በግድግዳው ሁሉ በለጠፉበት ክፍል ቀረጻው ተጀመረ። የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ስለሚገባ በቀረጻ ጊዜ ይጠፋል። የከተማችንን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁላችንም እናለከልክ ነበር፤ ስለዚህ የአንዳችን ማለክለክ ከሌላው አልተለየም።

ሐምሌ 25 ቀን፦ ወይዘሪት ራኬብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጠው ዘፈኑ። አቶ ነቢል ወንበር አቀረቡላቸው። በዕለቱ የቀረጻ መዝገብ "ድምፁ ይበልጥ ለስልሷል፣ እጅግ ጥሩ" ተብሎ ተጽፏል።

ነሐሴ 9 ቀን፦ እግራቸው አብጦ ጫማቸውን አውልቀው ዘፈኑ። የፍልሰታ ጾም ነው፣ ሲፈታ ይበረታሉ ብለን ተነጋገርን።

ነሐሴ 16 ቀን፦ ጾሙ የተፈታው በዚሁ ዕለት ነው። ስምንተኛውና የመጨረሻው ዘፈን ተቀረጸ። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት በቅጂው ላይ የሚሰማውን ንግግር፣ ሌላ ሰው ሳይነግርብን እኛው እንጽፈዋለን። ወይዘሪት ራኬብ "ጋሽ ተክሌ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፤ ትንፋሼን ልሰብስብ" ይላሉ። አቶ ተክለወልድ "አትሰብስቢው ልጄ፣ እንደዚሁ ነው የሚያምረው" ብለው ይመልሳሉ። ከኋላ የሌሎቻችን ሳቅ ይሰማል። እሳቸውም ይስቃሉ። ከዚያ ዘፈኑ ይጀምራል።

ከስድስት ቀን በኋላ አረፉ። ሐኪሞቹ እንደገለጹልን የልባቸው በር (ቫልቭ) ከልጅነታቸው ጀምሮ የተጎዳ ነበር፤ ሳንባቸው ውኃ ቋጥሯል። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብለው ቢታዩ በመድኃኒት ሊረዱ ይችሉ ነበር ብለውናል። ወደ ሐኪም የሚሄዱበት አንድ ቀን ነበራቸው። ያንን ቀን አሥራ ስድስት ጊዜ የወሰድነው እኛ ነን። ለስላሳ ድምፅ ያልነው እያጠረ የሄደ ትንፋሽ ነው፤ ሲያጥርም አጨበጨብን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዛሬ ይህን መናገራችን ለእሳቸው ምንም አይፈይድም። አቶ ተክለወልድ ከዚያን ቀን ወዲህ ጊታራቸውን አልነኩም። ስማቸው ሳይሸፈን በዚህ መግለጫ እንዲጻፍ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

ለመዘግየታችን ምክንያቱ ይህ ነው። ከቀብሩ በኋላ እናታቸው ወይዘሮ ፋናዬ ከድሬዳዋ ደውለው የልጃቸውን ዘፈኖች፣ በተለይም የመጨረሻውን፣ እንድንልክላቸው ጠየቁ። ሰባቱን ላክን። ስምንተኛው ገና አላለቀም አልናቸው። ዋሸናቸው። አቶ ነቢል ንግግሩን ቆርጠው፣ ትንፋሹንም አንድ በአንድ ከዘፈኑ ለማውጣት ሁለት ቀን እንደሚበቃቸው አስረዱን። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ለሁለት ተከፈለ። ንግግሩና ትንፋሹ ተቆርጠው ይውጡ ያልነው ለሟች ክብር ሲባል ነው አልን። የፈራነው ግን ለራሳችን ነበር።

ማኅበሩ ከዛሬ ጀምሮ በማናቸውም ሥራው ላይ አንድ ሰው "ትንሽ ልረፍ" ካለ ሥራው እንዲቆም ወስኗል። ውሳኔው ለወይዘሪት ራኬብ አልደረሰም። በየቤቱ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እኅቶቻችንን ግን እንለምናለን፦ ስትተኙ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ፣ እግራችሁ የሚያብጥ ከሆነ ለአሠሪዎቻችሁ ንገሩ፤ እምቢ ካሏችሁ ለእኛ ንገሩን። ዓርብን አትጠብቁ።

ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በማዕከላዊ ገበያ ለሚያውቋቸውና ለሚወዷቸው ሁሉ፣ እንዲሁም ድምፃቸውን ሰምቶ ይተኛ ለነበረው ሕፃን ኀዘናችንን እንገልጻለን። ለእኛ መጽናናትን የሚመኝ ሰው ቢኖር ምኞቱን ለእናታቸው ያድርግልን።

ለእናታቸው እኛ ራሳችን ምን እንደምንል አናውቅም። ጳጉሜን 1 ቀን የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ወይዘሮ ሶልያና ወደ ድሬዳዋ ደውለው፣ መዋሸታችንን፣ በቅጂው ላይ ያለውን ንግግርና የትንፋሹን ነገር ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። ዘፈኑን አጽድተን መላክ እንደምንችልም አከሉ። ወይዘሮ ፋናዬ "ዘፈኑ የእናንተ ነው። ትንፋሿ ግን የኔ ነው፤ እንዳትነኩብኝ" አሉ። ይቅርታ ለጠየቅንበት መልስ አልሰጡንም። እንዲሰጡንም አንጠብቅም።

ስምንተኛው ዘፈን በዛሬው ዕለት ወደ ድሬዳዋ ተልኳል። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ምንም አልተነካም።

በጅቡቲ ከተማ የኢትዮጵያውያን ሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.