የሙት ዓመትህ ዳቦ

ወንድምዓለም፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአሥር ቀን ሆነ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ ልጃችን ስንሻው ፍኖተ ሰላም የተማረውን ፊደል ለእኔም አስቆጥሮኛል። ቢንጋደድ አትሳቅብኝ!

ከቡሬ እስከዚህ ብረት ቀጥቃጭ የሚባል አልቀረም። ወንድምህም ምድጃውን ትቶ ከነልጆቹ አዲስ አበባ ገባ። ጋራዥ ውስጥ ብረት ይበይዳል፤ ስንሻውንም ና ብሎ ልኮበታል። ማጭዱንስ ገበሬው አሁን ከሱቅ ይገዛል፤ የደነዘ ማረሻ ግን ሱቅ አይስልለትም። እናም ወናፍ ፊት የተቀመጠው ያንተ ልጅ ብቻ ነው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ ወዳጄ ሆነ። ትዝ ይልሃል፣ ባላምባራስ ቤት ማረሻ ስናደርስ ጠላ የሚቀዱልን ደጅ በተሰቀለች ቅል ነበር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ብለው ሌላ ሰው አይጠጣባትም። አንተ ጠጥተህ እግዜር ይስጥልኝ ትላለህ። እስከ ቤታችን የምራገመው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ እኒያው ባላምባራስ ስንሻውን ወንበር ስበው በዋንጫ አጠጡት! ሚስታቸውም ቅቤ ላኩልኝ። ምን ፈልገው ነው እያልኩ ሦስት ቀን ሳልነካው አስቀመጥኩት። ልጁ ግን አንጀቱ ራሰ። ሰው ሆነናል፣ የትም አልሄድም አለኝ።

እስቲ ልፈትናቸው ብዬ ሙት ዓመትህን ደገስኩ። በተዝካርህ ጊዜ ከማንኩሳ ዘመዶቻችን በቀር ደጃችንን የረገጠ አልነበረም። አሁን ግን መጡልህ! ዳቦውን እየቆረስኩ በእጅ በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ ነፍስ ይማር አሉ፣ ሙያዬን አመሰገኑ። እኔ ሞኟ አለቀስኩ። ሰዎቹን በክፉ ስጠረጥር መክረሜ አሳፈረኝ።

በማግስቱ የአጥሩን ቅንጭብ ልከረክም ብወጣ ዳቦው እዚያ ሥሩ ተጥሏል። አንድም ጥርስ አላረፈበትም። ለካ ከጋቢያቸው ሥር ሸሽገው ነው ያወጡት! ጎረቤቴ ጥሩዬ ብቻ ፊቴ ስትበላ አይቻታለሁ፤ አሁን እሷንም ጠረጠርኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለቅሜ ቀበርኩት። ቂም ይዞ እንዳይኖር ለስንሻው አልነገርኩትም። አጎትህ ጋ ሂድ፣ እኔ ብቻዬን መኖሩን እችለዋለሁ አልኩት እንጂ። አባረርሽኝ ብሎ አኮረፈ፤ እኔ ስንቁን ቋጠርኩለት። ትናንት አውቶቡስ ተሳፈረ፣ ዞሮም አላየኝ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ባላምባራስ ዛሬ ጠዋት ማረሻ አስይዘው ቢልኩ ምድጃው ቀዝቅዞ ጠበቃቸው።

አንተን ግን አልረሳህም፣ ወንድምዓለም። በየዓመቱ በዚያች ቀን እጋግርልሃለሁ። የሚመጣ ካለ ይምጣ፤ እስኪውጠው ድረስ ፊቱ ቆሜ አየዋለሁ። ማንም ባይመጣም እኔው ቆርሼ እበላልሃለሁ።

ያንተው እናኑ