የሐሙስ ቁጥርና የሐምሌ ባርኔጣ፦ የወይዘሮ ዶሎረስ ቫስኮ ሁዳክ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዶሎረስ ከአባታቸው ከአቶ ኦንድሬይ ቫስኮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዙዛና እ.ኤ.አ. በኅዳር 1934 በኦሃዮ ግዛት፣ ከፍሬን ፋብሪካው ጀርባ ባለው የስሎቫኮች ሰፈር ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያዋ እሳቸው ሲሆኑ የመጨረሻዋ ይህን የምጽፈው እኔ በርናዲን ነኝ። ዕድሜ ልኬን አንቺ ስላቸው ኖሬአለሁ፤ ስናደድም ከዚያ የባሰ ብያቸዋለሁ። ዛሬ ግን ወግ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ። ይስቁብኝ፣ ምን አደርጋለሁ።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ጀምረው በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰዋል። ገና ልጅ ሳሉ አባታችን ከሥራ ወጡና የሥራ አጥነት መድን ለመጠየቅ ወደ ቢሮው ሄዱ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ እንድትተረጉምላቸው ዶሎረስን ይዘው ነበር። የመስኮቱ ጸሐፊ ቀና እንኳ ሳይል፣ “ለምንድን ነው ሥራህን የተውከው?” ይላል። አባታችንም፣ “በዪው፦ እኔ ሥራውን አልተውኩትም፣ ሥራው ነው እኔን የተወኝ” አሉ። ልጅቷ እንዳለ ተረጎመችው። ጸሐፊው ሳቀ፣ ሰልፉም ሳቀ። አባታችን ግን ፊታቸው ደም መሰለ። በመስኮቱ በወዲያኛው በኩል የመቀመጥ ሐሳብ የመጣላቸው ያን ቀን እንደሆነ ወይዘሮ ዶሎረስ ይናገሩ ነበር። እኔ ደግሞ የመንግሥት ደመወዝ ስለማይቀር ነው ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1953 በዚያው ቢሮ ተቀጠሩ። በ1956 በፍሬን ፋብሪካው በማሽን ብረት ይቀርጹ የነበሩትን አቶ ኤሚል ሁዳክን አገቡ፤ ጃኒስንና ጄራልድን ወለዱ።

ሥራቸው ይህ ነበር፦ ከሥራ የወጣ ሰው መስኮታቸው ላይ ቀርቦ ያመለክታል፤ የሳምንቱ አዲስ አመልካቾች ተቆጥረው ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ይላካሉ፤ ከየግዛቱ የመጣው ዋሽንግተን ላይ ይደመርና ሐሙስ ጠዋት የአገሩ ቁጥር በሬዲዮ ይነገራል። ሐሙስ ጠዋት እሳቸው ቤት ማውራት የለም። “ዝም በሉ! ቁጥሩ ሊነገር ነው!” ይሉናል፣ ቄሱም ቢገኙ። ቁጥሩ ጨመረ የተባለ ሳምንት ኮላች የሚባለውን የለውዝ ጥቅል ዳቦ ጋግረው ቢሮ ይዘው ይገባሉ። “ሥራ የለሽ፣ ቁርስ የለሽ፣ ሰው እንዴት ይቆማል?” ይሉ ነበር።

በከተማችን ሐምሌ የታወቀ ነው። ፋብሪካው ለአዲሱ ዓመት መኪና ማሽኖቹን ለመቀየር ይዘጋል፤ ሠራተኛው ሁሉ አመልክቶ መድኑን እየበላ ኤሪ ሐይቅ ዓሣ ሊያጠምድ ይሄዳል። ሰልፉ ላይ ወንዶቹ የሚቆሙት የዓሣ ማጥመጃ ባርኔጣቸውን አድርገው ነው፤ መንጠቆው ሳይቀር ባርኔጣው ላይ ተሰክቶ። ከዋናው ከተማ ሥልጠና ሊሰጡ የመጡት ሚስተር ሎማክስ፣ በየዓመቱ በዚያው ወር የሚጠበቀው ሥራ ፈት ከሐሙሱ ቁጥር ላይ እንደሚቀነስ ለወይዘሮ ዶሎረስ ሲያስረዱ፣ “ሚስስ ሁዳክ፣ የሚጠበቀውን ካልቀነስን እኮ አገሩ በየሐምሌው የሚፈርስ ይመስላል” አሏቸው። እውነታቸውን ነው። እሳቸውም፣ “ይቀነስ፣ ልክ ነዎት። ግን የተቀነሰውም ሰውዬ እቤቱ ነው ያለው” ብለው መለሱ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሰውየው እስኪሞቱ ድረስም በየገናው ካርድ ይላላኩ ነበር።

አቶ ኤሚልም በሐምሌ የራሳቸው ወግ ነበራቸው። የዘመድን ጉዳይ ማየት ክልክል ስለሆነ የእሳቸው ማመልከቻ በሌላዋ ጸሐፊ በወይዘሮ ፕሩት መስኮት ነው የሚያልፈው። እሳቸው ግን ሆን ብለው የሚስታቸው ሰልፍ ላይ ይቆሙና ተራቸው ሲደርስ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው፣ “እመቤቴ፣ ሥራ ፈት ነኝ፣ ምሳ ይጋብዙኛል?” ይላሉ። “ወደ ፕሩት! ቀጣይ!” ይባላሉ። በያመቱ ያው ቀልድ፣ በያመቱ ያው ሳቅ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሐምሌ እንደወትሮው መጣ። የዚያ ዓመት ሰልፍ ላይ ግን ማሽን ቀያሪዎቹም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በሐምሌ መስኮት አይተው አያውቁም፤ ሌላው ሲያርፍ እነሱ ናቸው ቀን ከሌት የሚሠሩት። ወንዶቹ ሲያዩአቸው ደስ አላቸው። “ዘንድሮ ለእናንተም ዕረፍት ወጣላችሁ!” እያሉ ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉ። አቶ ኤሚልማ ቢራ ጋበዟቸው። ወይዘሮ ዶሎረስ ግን እንቅልፍ አጡ። ማታ ባላቸውን ለምነዋል፤ “አጎራባች ከተማ የውሃ ፓምፕ ፋብሪካው እስከ ዓርብ ሰው እየቀጠረ ነው። ሂድና ተመዝገብ፣ ምን ይጎዳሃል?” ብለዋል። አቶ ኤሚልም፣ “አንቺ ደግሞ! ሐምሌ በመጣ ቁጥር ሟርት” አሉ።

በማግስቱ ሰልፉ ላይ ባርኔጣቸውን ደፍተው ቀረቡና የለመዱትን ምሳ ጠየቁ። ወይዘሮ ዶሎረስ አልሳቁም።

“ኤሚል፣ ባርኔጣህን አውልቅ።”

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ደገሙት።

“አውልቅ አልኩህ። ማሽን የሚቀይሩት ሰዎች ከኋላህ ቆመዋል። እነሱ እዚህ ከሆኑ ማሽኑን ማን እየቀየረው ነው?”

ከኋላ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሌላው ተከተለ። አቶ ኤሚል ግን ያን የአባታችንን ፊት አመጡ። “በሰው ፊት?” ብቻ አሉ፤ ሳያመለክቱ ወጥተው መኪናቸውን አስነሱ። ሐይቁ ዳር ወንድማቸው ጎጆ ገቡና እዚያው ቀሩ። ወይዘሮ ዶሎረስንም አለቃቸው ጠርተው፣ “ወሬ ታናፍሻለሽ ብለው ከፋብሪካው ደውለዋል። ሌላ ቀን ብትደግሚው መስኮቱ ወዲያ በኩል ነሽ” አሏቸው።

ዓርብ አለፈ። በነሐሴ መጨረሻ ፋብሪካው እንደማይከፈት ተነገረ። ባርኔጣቸውን ካወለቁት መካከል የተወሰኑት ፓምፕ ፋብሪካ ገብተው ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ ዛሬ ሣጥኑን ከሚሸከሙት ጋር ቆሟል። አቶ ኤሚል በጥቅምት ተመለሱ። ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ባርኔጣ ሳያደርጉ ቢሮው ገቡና ሳይቀልዱ ወይዘሮ ፕሩት ጋ ቆመው ፈረሙ። ሲወጡ በሚስታቸው መስኮት በኩል አለፉና፣ “ደህና ይዋሉ፣ ሚስስ ሁዳክ” አሉ። እህቴ፣ ሰልፍ እያለ መስኮት ዘግተው የማያውቁት ሴትዮ፣ ዘጉት። ጓዳ ገብተው አለቀሱ፤ ፊታቸውን ታጠቡና መልሰው ከፈቱት።

ማታ ራት ላይ እኔም ነበርኩ። አቶ ኤሚል ሳህናቸውን እያዩ፣ “ያልሽው ልክ ነበር። ቦታው ነው ልክ ያልነበረው” አሉ። “አውቃለሁ። ቤት ስነግርህ ሰማኸኝ?” አሏቸው። አቶ ኤሚልም፣ “አልሰማሁም። ድንች አቀብዪኝ” አሉ። በዚህ ታረቁ። ከዚያ በኋላ አቶ ኤሚል በትምህርት ቤት ጥገና ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 እስኪያርፉም ዓሣ ማጥመዱን አልተዉም፤ ያንን ባርኔጣ ግን ከወጥ ቤቱ ሚስማር አውርደው አላደረጉትም።

ወይዘሮ ዶሎረስ በ1995 ጡረታ ቢወጡም ሐሙስን አልተዉም። በ2020 የጸደይ ወቅት በወረርሽኙ አገር ሲዘጋ ጋዜጣው ላይ የወጣውን የሐሙሱን ቁጥር ሥዕል አሳዩኝ፤ መስመሩ ድንገት ሽቅብ ተነሥቶ የድሮው ሁሉ ከሥሩ እንደ ሜዳ ተኝቷል። በጣታቸው እየፈለጉ፣ “በርኒ፣ የእኛ የሰማንያው ዓመት የታለ? እዚህ ነበር እኮ” አሉ። ጉብታ እንኳ አይታይም። ከዚያ ስልካቸውን አነሡና የሚያውቋቸው አስተናጋጆችና ጸጉር ሠሪዎች ሁሉ ጋ ደወሉ፦ “ዛሬውኑ አመልክቱ። ማፈር የለም። ሥራው ነው የተዋችሁ።”

ባለፈው የበረዶ ወራት የልብ ድካም ጸናባቸውና በቤታቸው ተኙ። የመጨረሻዋ ሐሙስ ጠዋት ጃኒስ ቁጥሩን አነበበችላቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ “ሐምሌ ተቀንሶለት ነው?” ብለው ጠየቁ። “አዎ እማዬ፣ ተቀንሶለት ነው” አለቻቸው። “እሺ፣ ግን ሰዎቹ አሉ” አሉ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 2022፣ በተወለዱ በ87 ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል።

ሰሞኑን ሊያጽናኑን የመጡ ሁሉ፣ “መቼስ ዕድሜ ጠግበዋል፣ የሚጠበቅ ነው” ይሉናል። እውነት ነው፣ ይጠበቅ ነበር፤ ቀንሰነዋል። ግን ዛሬ ጠዋት ስልክ አንሥቼ ልደውልላት ቁጥሯን ግማሽ ድረስ ነክቼ ነበር። የተቀነሰውም ሰው እቤቱ ነው ያለው ያልሽው፣ ዶሊ፣ አሁን ገባኝ። ወግ ይቅርና አንቺ ልበልሽ።

ልትሰናበቷት ሰልፍ የምትይዙ ወንዶች፣ የዓሣ ባርኔጣችሁን ያመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። የኤሚልም ከሚስማሩ ወርዶ ሣጥኗ ውስጥ ነው። እናንተም አታውልቁ፤ ሐምሌ ነው፣ እሷም አትቆጣም። እግዚአብሔር መስኮቱን ከፍቶ፣ ተራ ሳያስጠብቅ፣ ቀና ብሎም ዓይኗን እያየ ይቀበላት። አሜን።