የሰኞ ጠዋቱ ምስል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አልፋድልን ፖሊስ ወሰደው።

ትናንት ጠዋት ከፊት ለፊት ጎረቤታችን ከደሳለኝ ግቢ የውሃ ፓምፕ ተሰርቋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታንከሩን ሞልቶ ሥራ ሄደ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ሲመለስ ቱቦው ተቆርጦ ፓምፑ የለም። ባለፈው ሳምንት አጥሩን የሠራለት አልፋድል ነው። ፓምፑ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። የደሳለኝ ማስረጃ ይኸው ነው።

አልፋድል ትናንት የዋለው እኔ ቤት ነው፤ የቀርከሃ አጥሬን ሲያድስ። እኔ ግን ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ነበርኩ። ያየው ካሜራው ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ታደሰ ካማሺ ሲመደብ ብቻዬን እንዳልፈራ ብሎ በሩ ላይ የሰቀለው።

ዛሬ ከሥራ እንደገባሁ ምስሉን በስልኬ ከፈትኩት። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት አልፋድል ከበራችን አልራቀም። ይሰነጥቃል፣ ያስራል፣ ውሃ ይጠጣል። ፓምፕ ይዞ የወጣ ሰው አይታይም፤ ሌባው በጓሮ ሳይገባ አልቀረም። ደስ አለኝ። ከዚያ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የደሳለኝ በር ተከፈተ። ሚስቱ ሰናይት ሁለት የታጨቀ ማዳበሪያ ጎትታ ወጣች። ባጃጅ ቆመ። አልፋድል ቀርከሃውን ጥሎ ተሻገረና ሁለቱንም አንሥቶ ጫነላት። ባጃጁ ሄደ፤ እሷ ተመልሳ በሩን ዘጋች።

አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሌላው ሁሉ ነፃ ያወጣዋል፤ ይህች ደቂቃ ግን በተሰረቀው ሰው በር ላይ ጭነት ሲጭን ታሳየዋለች። ከሰናይት በቀር በማዳበሪያው ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገርለት የለም። እሷ ደግሞ እስካሁን ዝም ብላለች።

ደሳለኝ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ አገኘኝ። «እህቴ፣ ያንን ካሜራሽን እስቲ ክፈቺልኝ።»

«መክፈቻ ቁጥሩ ታደሰ ጋ ነው» አልኩት። ዋሸሁ።

«ታዴ ቅዳሜ ይመጣ የለ? እጠብቃለሁ። ሌባው እንደሆን የትም አይሄድ» አለና ሳቀ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሰናይት የሕመምተኛ ካርድ አውጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ የምርመራ ወረቀት ይዛ ላቦራቶሪ ገባች። ክንዷን ዘረጋችልኝ። ሰው ቢያይ ደም ልትሰጥ የመጣች ነው የሚመስለው።

«ካሜራችሁ የኛን በር ያያል?»

«ያያል።»

ዓይኗን ጨፈነች። ማዳበሪያዎቹ ውስጥ ልብሷና የትምህርት ማስረጃዋ ነበር፤ እህቷ ቤት ነው ያስቀመጠችው። መምህር ናት። ወደ ግልገል በለስ ዝውውር አግኝታለች፤ ደብዳቤው ዓርብ ይፈረምላታል፣ አውቶቡሱ ሰኞ ማለዳ ነው። ደሳለኝ አያውቅም።

«እስከ ሰኞ ብቻ» አለችኝ።

«አልፋድልስ? የታሰረው እኮ እሱ ነው።»

«አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የማስበው እሱን ነው። ግን ካወቀ አይለቀኝም።»

እንደማይለቃት እኔም አውቃለሁ። አምና ልትሄድ ስትል ሽማግሌ ተልኮ መልሷታል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ታደሰ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አልፋድል ፍርድ ቤት ቀረበ። ፖሊስ ለምርመራ ቀን ጠየቀ፤ እስከ ሰኞ ሦስት ሰዓት ተሰጠው። ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። እጄን ማንሣት እችል ነበር። አላነሣሁም። ይህን ሌላ ቦታ ስለማልናገረው እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከሰዓት ጣቢያ ምግብ ወሰድኩለት። አማርኛው ጎደሎ ነው፤ ሴትም ወንድም ለእሱ «አንተ» ነው።

«አንተ ለምን ፊትህ ከፋ? አጥርህ አልቋል። በሩ ብቻ ቀረ። ስወጣ እጨርሳለሁ።»

«በሩን ተወው። ሰኞ ሰናይትን አይተሃታል?»

ዘበኛው ወዳለበት ዞር አለና «እኔ ያየሁት ቀርከሃ ነው» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ «ሴትዮ አትንገር አለ። ወላሂ አልነግርም።»

«እስከ ሰኞ ትችላለህ?»

«እኔ እችላለሁ። ለውዝ ነው የማይችል። አፈሩ ከደረቀ መንቀል የለም፤ መሬት ውስጥ ይቀራል።»

ማሳው ግማሹ አልተነቀለም። ሚስቱ ብቻዋን ናት። ከጣቢያው ከወጣሁ ጀምሮ የማስበው ለውዙን ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የካሜራው ካርድ የሚይዘው የሰባት ቀን ምስል ነው። ከዚያ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀዳል። የሰኞ ጠዋቱ ምስል በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት በራሱ ይጠፋል። ምንም ካላደረግኩ ማንም ምንም አያይም። ይህ ሐሳብ ዛሬ ሦስት ጊዜ መጣብኝ። ምስሉ ከጠፋ አልፋድል እኔ በር ላይ መዋሉም አብሮ ይጠፋል።

ያቺን ደቂቃ ቆርጬ ልስጥ? መርማሪውን የሩቅ ጥያቄ አስመስዬ ጠየቅኩት። «የተቆረጠ አንቀበልም። ካርዱን እንዳለ» አለ።

ስለ ጎረቤቶቼ ሳልፈልግ የማውቀውን ቆጠርኩ። ደሳለኝ ስንት ሰዓት እንደሚገባና ሲገባ እንዴት እንደሚራመድ። የማዕዘኑ ባለሱቅ በማን በር በኩል እንደሚያልፍ። የመምህሩ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ቀን። ማንንም አንድም ቀን ፈቃዱን አልጠየቅነውም። ታደሰም ካማሺ ሆኖ ኔትወርክ ባገኘ ቀን በስልኩ እኔን ያያል። አንድ ጊዜ ደውሎ «ዛሬ አምሽተሽ ገባሽ» ብሎኝ ያውቃል። ስቄ አለፍኩት።

ሰናይት መልእክት ላከች፤ «ተፈረመ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ታደሰ አቧራ ለብሶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባ። መንገድ ላይ ደሳለኝ ደውሎለታል። ልብሱን ሳይቀይር ስልኩን አወጣ።

ከማየቱ በፊት ነገርኩት። ሁሉንም።

«ደሳለኝ እኮ ወንድሜ ነው» አለ። ሁለቱም ከነቀምቴ ናቸው፤ አብረው ነው እዚህ የመጡት።

«ይሁን። አምና ከመለሳችኋት በሦስተኛው ቀን ቅንድቧ ተተርትሮ ጤና ጣቢያ መጣች። ወደቅኩ ብላ አስጻፈች። ሲሰፉላት እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትንገሪ አለችኝ።»

ስልኩን ከፈተ። ከዚያ ያቺን ደቂቃ አየ፣ መልሶ አየ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ይህን ብቻውን ከሰጠነው አልፋድልን እናሳስረዋለን እንጂ አናስፈታውም» አለ። «የሷ ቃል ያስፈልጋል። በጽሑፍ።»

መሰላል አምጥቶ ካሜራውን አወረደና ካርዱን ነቀለው። ፖስታ ውስጥ ከትቶ አሸገና ላዩ ላይ ሁለታችንም ፈረምን። እራቱን አልበላም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ፓምፑ ስለሌለ ሰናይት ውሃ የምትቀዳው ከኛ ቧንቧ ነው። ጄሪካኗ እስኪሞላ ማታ በመልእክት የጠየቅኳትን ቃል የጻፈችበትን የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አኖረች። ማዳበሪያዎቹ የራሷ እንደሆኑ፣ ምን እንደነበረባቸው፣ ለምናው አልፋድል እንደጫነላት፣ ስሟ፣ ፊርማዋ፣ ስልኳ። አንድም ቃል ስለ ደሳለኝ የለም።

ታደሰ ከቤት ወጣ። ቀና ብላ አየችውና ጄሪካኗን አነሣች። «ሰናይት፣ እኔ...» አለ። የቀረውን አልጨረሰውም። እሷም አልጠበቀችውም።

ስምንት ሰዓት ላይ ደሳለኝ መጣ። ቁጭ እንኳ አላለም።

«በል ታዴ፣ አሳየኝ።»

«ካርዱን አሽጌዋለሁ። ነገ ዳኛው ፊት ይከፈታል።»

«የተሰረቅኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ነህ። ነገ ሦስት ሰዓት አብረን እናየዋለን።»

«ከእኔ ምን የሚደበቅ ነገር አለበት?» ወደ ታደሰ ሳይሆን ወደ እኔ አየ። ደብዳቤው ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። እጄን ኪሴ ላይ ላለማድረግ ታገልኩ።

«ምንም ይኑርበት ምንም፣ ከዳኛ በፊት አልከፍተውም» አለ ታደሰ። «ደሞ አንድ ቤት ሄጄ ጉዳዩን ሳላውቅ መፍረድ የአምናው ይብቃኝ።»

ደሳለኝ የገባው አይመስለኝም። «ያገር ልጅ ተብዬ!» ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ። በሩ ላይ ካሜራ የለም፤ ወዴት እንደሄደ አላየንም። ካሜራው ከተሰቀለ ስድስት ወሩ ነው፤ ውጭ ያለውን ሳላይ ስቀመጥ የዛሬው የመጀመሪያ ነው።

አሁን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከማዶ ጩኸት የለም። እስካሁን።

አውቶቡሱ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። ችሎቱ ሦስት ሰዓት ነው። ታደሰ ዳኛው ደብዳቤውን ይቀበላሉ ይላል። እኔ ግን «ራሷ ቀርባ ትናገር» ቢሉስ እላለሁ። ይህን ለሰናይት ቧንቧው ጋ ነግሬያታለሁ። «ከደወልሽልኝ ባለሁበት እወርዳለሁ፤ እመለሳለሁ» አለችኝ። ቃሏን እንደምትጠብቅ አምናለሁ። የተመለሰች ዕለት ምን እንደሚጠብቃትም አውቃለሁ።

ነገ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኩ በእጄ ይሆናል። ልደውል ወይስ አልደውል፣ እስካሁን አልወሰንኩም።