ቆርጬ ያቃጠልኋቸው ገጾች

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን

በመቀስ ስቆርጥ ውዬ ጣቴ ዝሏል። የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘሐራ ባለቤት ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ ሰዎች ዕቃ ይገዛሉ። ወይዘሮ ዘሐራ ከዚያ የተረፉ ያገለገሉ መጫወቻዎችና የሥዕል መጽሔቶች በጆንያ አምጥተው፣ «መሪጌታ፣ ልጅዎ ነርስ አይደለች? ሆስፒታል ለተኙት ሕፃናት ታድርስልን» አሉኝ።

ምጽዋት ንጹሕ መሆን ይገባዋል። ስለዚህ ገጹን ሁሉ መረመርሁ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ ሥዕሉ ግን ለማንም ይናገራል። ጠመንጃ፣ ቡጢ፣ ጉልበቷን የገለጠች ሴት ያለበትን ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁ። የሚናገረውን ውሻ ተውሁት፤ የበለዓምም አህያ ተናግራለች። ራቁቷን ለመጣችው አሻንጉሊት ባለቤቴ ቀሚስ ሰፋችላት። መኪናው አንድ ጎማ ይጎድለዋል፤ ይሁን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን

ልጄ ጽጌ ከምትሠራበት ከዘነበወርቅ ሆስፒታል ስትመለስ ሰላምታዋ አጭር ነበር።

«አባባ፣ መጨረሻውን የት አደረሱት?»

ለካ ጠቡ ሁሉ የተሣለው በየታሪኩ መጨረሻ ኖሯል። ብርቄ የምትባል ልጅ አለች። የእግሯ አጥንት አመርቅዞ ሐሙስ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው፤ ከዘገየ እግሯ ይቆረጣል ብሏል ሐኪሙ። እርስዋ ግን መጽሔቱን ታቅፋ፣ ገደል ላይ በአንድ እጁ የተንጠለጠለው ሰው መትረፉን ሳላውቅ አልገባም ብላለች። «ተኝቼ ባልነቃስ? ሳላውቅ ልቀር ነው?» ትላለች። እናቷ ለምና አልሆነላትም።

ገጹ አመድ ሆኗል። «ተርፏል በያት» አልኋት።

«ብያታለሁ። ‹አንቺ አላየሽውም› አለችኝ።»

ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፫ ቀን

ሄድሁ። እስከ ጦር ኃይሎች በእግሬ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። በመንገድ ሳለሁ የታሪኩን ሰዎች አስታርቄ ልነግራት አስቤ ነበር። ነገር ግን ሐሰት ነው፤ ተውሁት።

ብርቄ ከንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ሥር ካለው አልጋ ላይ ሆና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ቆራጩ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ይንገሩኝ እንግዲህ። እንዳያሳጥሩት!»

እኛ በቃል የተማርን ሰዎች ነን፤ አንዴ ያየሁት ከራሴ አይጠፋም። ሥዕል በሥዕል ተናገርሁ። እጁ እንደ ተንሸራተተ፣ ወንዝ ውስጥ እንደ ወደቀ፣ ወጥቶም ያሳደደውን ሽፍታ እንደ መታው።

«በየትኛው እጁ?»

«በግራው።»

«ያሳዩና!»

ጥምጥሜን እንደ ጠመጠምሁ ቡጢ ሰነዘርሁ። በየአልጋው ያሉት «ይድገሙት!» ብለው ጮኹ። ደገምሁት።

የመጨረሻው ሥዕል ቀረ። ጽጌ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሴቲቱ ሳመችው።»

«ምኑን?»

«ከንፈሩን» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጄ እንደዚያ ስትስቅብኝ አይቼ አላውቅም።

ብርቄ ግን አልሳቀችም። «እግሩስ ደኅና ነው?» አለች።

ሥዕሉን በልቤ መልሼ አየሁ። «በሁለት እግሩ ቆሟል» አልኋት።

መጽሔቱን ከድና፣ «እሺ፣ ነገ እገባለሁ» አለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን

ጠዋት ገብታለች። ትምህርት ጀምሬ ልቤ ስላልተሰበሰበ ተማሪዎቼን አሰናበትሁ፤ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ወይዘሮ ዘሐራ ሁለት ጊዜ መጥተው «ምን ተሰማ?» አሉ። ምንም።

ጽጌ ማምሻውን መጣች። ነቅታለች፤ ውኃ ጠይቃለች። ስለ እግሯ ግን ሐኪሙ ፋሻው ሳይፈታ አልናገርም ብሏል።

ስለ መንቃቷ አመስግኛለሁ። ስለ እግሯ ገና እለምናለሁ።