ከአሥር አሥር ያገኘው የአውቶቡስ ማመልከቻ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? የቀይ እስክሪብቶዎ ቀለምስ አልነጠፈም? እኛ ሰፈር እንቅልፍ ከጠፋ ሁለት ወር ስለሞላው፣ ያለው ሰው በደንብ እንዲይዘው ከልብ እንመኛለን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ እሷንና አራት ባልደረቦቿን ያደርስ የነበረውን የአሥራ አንድ ተኩሉን አውቶቡስ ከሁለት ወር በፊት በጥበብዎ አስቀርተውታል። አሁን የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚመጣው አንድ ሰዓት ላይ፣ ማለትም እነሱ አንሶላ ማጠብ ከጀመሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። በዚህ የተነሳ ሴቶቹ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ለሁለቱም ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. አውቶቡሱ እንዲመለስልን የመጀመሪያውን ማመልከቻ በአማርኛ ጽፌ ሳቀርብ፣ «ቅጹ እንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ተሞልቶ ይቅረብ» ብለው መለሱልኝ። አውቶቡሱ በምን ቋንቋ እንደሚነዳ አስቀድሜ ባለመጠየቄ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

2. ሁለተኛውን ማመልከቻ፣ የጎረቤቴን ልጅ መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሴቶቹ የሚሄዱት በጨለማ መሆኑን ለመግለጽ «ኢን ናይት» ብል፣ በቀይ ከበው «አት ናይት!» አሉኝ። ቃለ አጋኖዋን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሦስተኛው ላይ ጠዋት ከሌሊት በምን ያንሳል ብዬ «አት ሞርኒንግ» አልኩ። ለካ ጠዋት ማዕረግ ይፈልጋል፤ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። እንግዲያው ንጋትንም ላክብር ብዬ አራተኛው ላይ «ኢን ዘ ዶውን» ስል፣ «አት ዶውን፤ ‹ዘ› አያስፈልግም» የሚል ማስታወሻ ደረሰኝ። ደስ ብሎኝ ለሴቶቹ ነገርኳቸው፤ ጨለማው ግን አልቀነሰም።

3. በአካል ቀርቤ ላስረዳ ብዬ ጠዋት ብመጣ ጸሐፊዎ «ከሰዓት ይሞክሩ» አለችኝ፤ ከሰዓት ብመጣ «ውይ፣ ጠዋት ነበሩ እኮ!» አለችኝ። እንግሊዞች ለቀኑ ክፍል ሁሉ ቃል አበጅተዋል፤ እርስዎ ቢሮ የሚገኙበትን ክፍል ብቻ ዘንግተውታል።

4. ሴቶቹም ቢሆኑ ባዶ አፋቸውን አይጓዙም። ባለቤቴ እርማትዎን በብጣሽ ወረቀት ገልብጣ እየጠራች ታስቀጥላቸዋለች፤ በ«ኢን ዘ ሞርኒንግ» ቀኝ እግር፣ በ«አት ናይት» ግራ እግር ይነሳል። በመንገዳቸው ያለው ዳቦ ጋጋሪ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «እመቤቶቼ፣ ዛሬስ ፈተናውን አለፋችሁ?» ይላቸዋል። የሁሉም ታላቅ የሆኑት፣ አንድ ጉልበታቸው ያበጠው፣ እኛም «እማማ ቀስ በሉ» የምንላቸው ሴት፣ «አንተ ዳቦህ እንዳያርርብህ! እኔ እንደሆነ ጉልበቴም እንግሊዝኛዬም እኩል ነው የሚከዱኝ» ይሉታል።

5. እዚህ ላይ ሳቄ ያቆማል። ሴቶቹ እማማ ቀስ በሉን መንገድ ላይ ጥለው አይሄዱም። ሁለቴ ቆመው ጠብቀዋቸው ሁለቴ አርፍደዋል፤ የማጠቢያ ክፍሉ ተቆጣጣሪም አምስቱንም ሁለቴ መዝግቧቸዋል። ሦስተኛ ጊዜ ያረፈደ ይሰናበታል። ባለቤቴን ቀስ ብዬ «እማማን ትተሽ ብትቀድሚስ?» ብላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልብስ ስትሰፋ አንዱን እጅጌ ትተህ ነው እንዴ የምታስረክበው?» አለችኝ። እኔም መርፌዬን አስቀምጬ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ስለዚህ አምስተኛውን ማመልከቻ አሥራ ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ጎረቤቴን አስነብቤ፣ የጎረቤቴን ልጅ ከጨዋታዋ አስጠርቼ አስነብቤ አስገባሁ። ባለፈው ሐሙስ ተመለሰልኝ። አንድም ቀይ ክብ የለበትም። ግርጌው ላይ «10/10፤ በጣም ጥሩ፣ በርታ!» ተብሎ ተጽፏል። ስለ አውቶቡሱ ግን አንዲት ቃል የለም። ክቡር ሆይ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ማርክ ማግኘቴ አኩርቶኛል፤ ወደ ቤት የገባሁትም ወረቀቱን እያውለበለብኩ ነው። ባለቤቴ ተቀብላ ፊቱንም ጀርባውንም አየችና «ጎማው የቱ ጋ ነው?» ብላ መለሰችልኝ።

ንጋትን ከነመስተዋድዱ ያስተማሩኝ፣ ንጋትን ራሱን ግን ከአልጋ ወርደው አይተውት የማያውቁ መምህሬ ሆይ፣ ለሰጡኝ ዕውቀት በመርፌዬ፣ በመቀሴና በባለቤቴ ያበጡ እግሮች ስም ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

በአምስት ማመልከቻ በማዕረግ የተመረቀው ደቀ መዝሙርዎ፣
ልብስ ሰፊው

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዳቦ ጋጋሪው ስድስት ደቂቃ የምታተርፍ አቋራጭ አሳይቶናል፤ ለእማማ ቀስ በሉ ጉልበት ልክ የምትበቃ ናት። አቋራጯ የምታልፈው በእርስዎ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው። ከሰኞ ጀምሮ አምስቱም ትምህርታቸውን እየጠሩ ያልፋሉ፤ ድምፃቸው ለዓመታት ከማጠቢያ ማሽን ጋር ሲፎካከር የኖረ ስለሆነ አይቸገሩም፣ በደንብ ይሰማዎታል። ስሕተት ካገኙ መስኮቱን ከፍተው ያርሟቸው። ሰዓቱ «አት ዶውን» ነው፤ እንዳስተማሩን «ዘ» የለበትም፤ አውቶቡስም የለበትም።