«የእሱ ትምህርት ነው በይ» አሉኝ

ዓለሜ ሙሉጌታ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። የሙት ዓመትህ እንኳ ሳይደርስ በዚህ ጉዳይ ልረብሽህ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ከአንተ ሌላ ለማን እነግረዋለሁ?

ቤቱ ደህና ነው። ጣራው የሚያፈስበትን ጥግ ወንድምህ ከሐሙሲት መጥቶ ጠገነው። ልብሶችህን ገና ከቦታቸው አላነሳሁም።

አንተ ካረፍህ በኋላ የታሪክ ክፍለ ጊዜህን ለእኔ ሰጡኝ። አንተ በጀመርኸው ቀጠልሁ፤ በባርነት ወደ ሄይቲ ስለተወሰዱት አፍሪካውያን፣ ከአገራቸው ይዘውት ስለሄዱት ጸሎትና ከበሮ፣ ጌቶቻቸውንም እንዴት እንደጣሉ። አንዲት ከጉና ተራራ ሥር የምትመጣ ልጅ እጇን አውጥታ «እኛን የሚመስሉ ሰዎች ይህን ማድረጋቸውን ለምን እስከ ዛሬ ሳይነግሩን ቀሩ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልህ ጠመኔውን አስቀምጠህ ትስቅ ነበር።

ወሬው የተነሳው በገበያ ቀን ነው። ባዕድ አምልኮ ታስተምራለች ተባለ። በዚያው ሰሞን በረዶ ወርዶ በጉና በኩል ያለውን ገብስ መታው። በረዶውን ከእኔ ጋር ምን እንዳገናኘው አላውቅም፤ ሰዉ ግን አገናኘው። ጎረቤቶቻችን ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ያቺ የጉና ልጅ ከክፍል ቀረች፤ ከእሷ በኋላ ሌሎችም። ባለፈው ረቡዕ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሳስተምር ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ወዳጅህ የኔታ፣ የቅኔው መምህር፣ አንድ ቀን ሳይጠሩ መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያወግዙኛል ብዬ ፈራሁ። እስከ መጨረሻው ሰምተው «ልጄ፣ ሌላው እንዴት እንደጸለየ ማወቅ የእኔን ጸሎት አያስረሳኝም» አሉኝ። በማግስቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ የጎጇቸው በር በድንጋይ ክምር ተዘግቶ አገኙት። ማን እንዳደረገው የሚናገር የለም።

ዓርብ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ትምህርቱ የእሱ ነው፣ ስህተት መሆኑ አሁን ገብቶኛል ብለሽ ፈርሚ። እሱን ከእንግዲህ ማን ይነካዋል? አንቺ ግን እዚሁ ነው የምትኖሪው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ዞሮ አየ። ከወሬው ሁሉ ይልቅ የእሱ መፍራት አስፈራኝ።

አልዋሽህም፣ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። ከዚያ የመጨረሻ ሳምንትህ ትዝ አለኝ። ትንፋሽህ እያጠረህ የሚቀጥለውን ትምህርት ስታስረዳኝ፣ ሰልችቶኝ «እስቲ ተወኝ» አልሁህ። ወደ ግድግዳው ዞርህ። ሁለተኛ እንዲያ አላደርግህም አልሁና እስክሪብቶውን መለስሁለት።

ዛሬ ሰኞ ነው። ባለመፈረሜ ወላጆች በእኔ ጉዳይ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተጠርተዋል። ይህን የምጽፍልህ ከመምህራን ማረፊያ ሆኜ ነው፤ በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ብዙ ናቸው። የኔታ አብሬሽ ልቁም ቢሉኝ ለምኜ አስቀረኋቸው።

ስምህን በክፉ ያነሱታል። እኔ ግን ዝም አልልም። በሕይወት እስካለሁ ባሌ ነህ፣ አስተማሪዬም ነህ፤ ይህን ሁሉም እየሰሙ እናገራለሁ። አልረሳህም ማለት ለእኔ ከእንግዲህ ይኸው ነው።

ጠሩኝ። ልሂድ።

የአንተው አስናቀች