ከመኪና መኪና ስለሚዞረው የበር እጀታ

ለተከበሩ ኡስታዝ ሁዜይፋ
በሱዳን፣ በዶካ መስመር የእርሻ ሠራተኛ አመላላሽ አውቶቡሶች ተቆጣጣሪ

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ቢሮዎ ያለችው የአየር ማቀዝቀዣ ደህና ናት? የዘንድሮው የሰሊጥ አጨዳ ሙቀት የሚቻል አይደለምና እሷን ክፉ አይንካብን እያልን እንጸልያለን። በአማርኛ በመጻፌ ቅር አይበልዎት፤ መተማ ገበያ ያደጉ ሰው ነዎትና ሠራተኛ ሲያስጭኑ አማርኛዎ ከእኔም ይበልጣል። ድንገት የሚጠፋብዎት አቤቱታ ስንይዝ ብቻ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ገበያው መሐል ለጥፌዋለሁ፤ የሚያነብልዎት ሰው አያጡም።

እኔ አሰፋሽ እንዳለው የምባል ሰሊጥ አጫጅ ነኝ። የምጽፍልዎት በተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ በሙቀት ስለሞተችው የጎረቤቴ የመብርሂት ልጅ፣ ስለ አራት ዓመቷ ኣድያም ነው። ቢሮዎ ከቀብሩ በኋላ ባወጣው ማስታወቂያ እናቶች ልጆቻቸውን መኪና ውስጥ እንዳይረሱ በትሕትና መክሮናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብል ነውር ይሆንብኛልና አልልም። ስለ ምክሩ ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ማስታወቂያ ወዲህ መብርሂት ልጇን የረሳች ተብላ ለቅሶ የሚደርሳት እንኳ ጠፍቷል።

አንደኛ፦ መብርሂት ልጇን አልረሳችም። እርስዎ በሚገባ እንደሚያውቁት፣ አላውቅም ካሉም ይወቁት፣ ኬላ ላይ ልጅ ከታየ መኪናው ስለሚመለስ ልጆቻችንን ኋላ ወንበር ሥር አስተኝተን የራስ መከናነቢያ ጣርሃችንን እናለብሳቸዋለን። ማንም ቢያንኳኳ፣ ማንም ቢጣራ፣ እናታችሁ በስማችሁ እስክትጠራችሁ ድረስ ትንፍሽ እንዳትሉ እንላቸዋለን። እርሻው ስንደርስ ደግሞ ከመካከላችን አንዷ በተራ ከልጆቹ ጋር ጥላ ሥር ትቀመጣለች። የዚያን ዕለት ግን የእርሻው ወኪል ሰሊጡ እየረገፈ ነውና አንዲትም ሴት አትቀመጥም አለ። መብርሂትም ልጇ ተኝታ እንደቀረች ለአውቶቡሱ ረዳት ነገረችው፤ እሱም ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም፣ በሩን ከፍቼ እጠብቃታለሁ ብሎ በሁላችን ፊት ተቀበላት። እኛ አጎንብሰን ስናጭድ ሹፌርና ረዳት ቁርሳቸውን ሊበሉ መኪናውን ይዘው ዶካ ተመለሱ፤ ፀሐይ ላይ አቁመውም ቆለፉት። ታዲያ ማስታወቂያዎ እናቶች ሆይ ያለው ሹፌሮች ሆይ ለማለት ፈልጎ ይሆን?

ሁለተኛ፦ ዳቦ ሻጩ ከማሉ በዚያ ሲያልፍ ወንበሩ ሥር ጣርሃው ሲንቀሳቀስ አይቶ መስተዋቱን አንኳኳ። ሲያንኳኳ ጣርሃው ጸጥ አለ። ድመት መስሎት ሄደ፣ ዛሬም ይህን ሲያወራ ያለቅሳል። ኣድያም የተነገራትን የምትሰማ ልጅ ነበረች፣ ኡስታዝ። ወይኔ ልጄን! እንደ እርስዎ ቢሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ብታውቅ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች።

ሦስተኛ፦ አሁን ደግሞ ሞቷ በወባ ትኩሳት ነው መባሉን ሰምቻለሁ። ወባ የያዘው ልጅ ከወንበር ሥር ተነሥቶ በሩ ድረስ እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። መኪናውን ፍለጋ ዶካ ስንደርስ ያገኘናት እዚያው በሩ ሥር ነው፤ ጣቷ የውስጡ እጀታ ተነቅሎ የቀረው ቀዳዳ ውስጥ ነበር። እጀታዎቹ የተነቀሉት ሠራተኛ በመንገድ ላይ ወደ ሌላ ባለእርሻ ዘሎ እንዳይወርድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እንዳንጠፋ ስለምታስቡልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

አራተኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም፣ አድናቆት ነው። ከገዳሪፍ የመጡ እንግዶች አውቶቡሶቹን ሲመረምሩ እያንዳንዱ በር ከነእጀታው ተገኘ፤ ጉድ ነው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፣ እኔም ቆሜ አየሁ። የመጀመሪያው መኪና እጀታ ቀይ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። የሁለተኛውም ቀይ ፕላስተር አለው። የመጨረሻው ላይም ያው ቀይ ፕላስተር። እንግዶቹ ወደ እርስዎ ዘንድ ለሻይ በገቡ ቁጥር ያ ማፊ ሙሽኪላ የሚለው ረዳት ካቻቢቴውን ይዞ ከመኪና ወደ መኪና ይሮጥ ነበር። ሻዩን ማን እንዳዘዘው አልጠይቅም፤ መጠርጠሬን ግን አልደብቅም።

እንግዲህ የምንለምነው ትንሽ ነው። በየመኪናው ከውስጥ የሚከፈት በርና መስኮት ይኑር፤ ሹፌር ከመቆለፉ በፊት እስከ ኋላ ወንበር ሄዶ ጎንበስ ብሎ ይይ፤ እርሻ ላይ ልጅ የሚጠብቅ ሰው አይከልከል፤ ይህም በቃል ሳይሆን ደንብ ሆኖ ተጽፎ የጣሰው ይቀጣ። ከሁሉ በፊት ግን ያ ማስታወቂያ ይነሣልን፣ መብርሂትም ሐዘኗን እንደ ሰው ትዘን። የደንብ ረቂቅ ጊዜ ይወስዳል እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሰሊጡ ግን ሲረግፍ ማንም ጊዜ ይወስዳል ሲል አልሰማሁም።

የማቀዝቀዣዎ ንፋስ ሳይቋረጥ፣ ሻይዎም ሳይቀዘቅዝ ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ፣ ከኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች ሁሉ ጋር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
አሰፋሽ እንዳለው፣ ከዶካ

ማሳሰቢያ፦ ያ ባለ ቀይ ፕላስተር እጀታ ከረዳቱ ኪስ ወድቆ አግኝቼው በክብር አስቀምጬልዎታለሁ። ለሚቀጥለው ምርመራ እርስዎ ራስዎ ገብተው ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ በሩም ይዘጋ፤ እኛ ከውጭ እንቆማለን። ሙቀቱ ከበረታብዎት ማስታወቂያዎን እያነበቡ ይቆዩ። እጀታውን ለመብርሂት እሰጣታለሁ፤ መጥታ ታንኳኳለች፣ በስምዎ ጠርታም ትከፍትልዎታለች። አይስጉ፣ መብርሂት ሰው አትረሳም።